ጨረር ከጨረስኩ ከዓመታት በኋላ መዋጥ እየከበደኝ መጣ፤ የደረሰበት አለ?

ቀስ_በቀስ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፤ አሁን ግን ግድ ሆኖብኝ ልጠይቅ ነው።

የምላስ ሥር ካንሰር ተገኝቶብኝ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ከወሰድኩ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው። በጊዜው ጉሮሮዬ ቆስሎ፣ ምራቄ ደርቆ፣ የምግብ ጣዕም ጠፍቶብኝ እንደማንም ሰው ተሰቃየሁ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰልኝ። ደረቅ ነገር በፈሳሽ እያወራረድኩ፣ ሥጋ እያደቀቅኩ፣ ሰው ሳያስተውልብኝ እበላ ነበር። በሽታውን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። የዋጥኩት ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፤ ደጋግሜ ካልዋጥኩ አይወርድም። ውሃ ስጠጣ ትን ይለኛል። ከበላሁ በኋላ ድምፄ እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ብጠርገውም አይጠራም። ምላሴም ቃል መጎተት ጀምሯል፤ በስልክ የሚያወሩኝ ሰዎች "ምን አልክ?" ማለት አብዝተዋል። አንድ ሳህን ምግብ ይዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ሳልጨርሰው ይቀዘቅዛል። ክብደቴም እየወረደ ነው።

ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። በካሜራ አይተው፣ ሲቲ ስካን አንስተው "ካንሰሩ አልተመለሰም" አሉኝ። ተመስገን ነው። ግን "ታዲያ ለምን አልውጥም?" ስል መልሱ "ድርቀት ነው፣ ውሃ አብዝተህ ጠጣ" ሆነ። ትን የሚለኝ እኮ እሱ ራሱ ውሃው ነው!

ጨረር ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንዲህ ያደርጋል? ካደረገስ መላ አለው?

ደረቅ_ጉሮሮ

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። አዎ ያደርጋል። እኔ ላይ አድርጓል፣ ያውም ካንተ በረዘመ ጊዜ። ጨረር ስጨርስ የተሰጠኝ ወረቀት የሚያወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ እንደሌለ ነው የተቆጠረው።

አንድ ነገር ሞክር። መስታወት ፊት ቆመህ ምላስህን አውጣ። የእኔ ሳወጣው ወደ ግራ ይዞራል። ግራ ጎኑ ተኮማትሮ ሸንተረር አውጥቷል፣ ላዩ ደግሞ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ይርገበገባል፣ ከቆዳው ሥር ትል የሚሄድ ነው የሚመስለው። ለሐኪሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ነው ድርቀት መባሉ ቀርቶ "ነርቭ ነው" የተባለው። ቃል መጎተት ያልከው እሱን አስታወሰኝ።

የአባቷ_ልጅ

ቀስ በቀስ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ትን ማለትህ ራሱ ደግ ነገር ነው ብልህ ትደነግጥ ይሆናል፣ ግን ታሪካችንን ልንገርህ።

አባቴ ጨረር ከወሰደ ብዙ ዓመቱ ነው። አያስልም፣ አይታነቅም፣ ቀስ ብሎ ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ይነሳል። ግን በየጊዜው ትኩሳት ይነሳበትና የሳንባ ምች ተብሎ አንቲባዮቲክ ወስዶ ይመለሳል። ሁሌም ያው የቀኝ ሳንባው ታችኛው ክፍል። አንዷ ወጣት ሐኪም የድሮዎቹን ራጆች ጎን ለጎን ሰቅላ ካየች በኋላ "አባትሽ ሲውጡ ታይተው ያውቃሉ?" አለችኝ። ታይተው አያውቁም ነበር።

ራጅ ክፍል ወንበር ላይ በጎን አስቀመጡት፣ ባሪየም የተቀላቀለበት ነጭ ፈሳሽ በማንኪያ ሰጡት። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ስክሪኑን አያለሁ። ፈሳሹ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ከምላሱ ሥር ወረደ፣ ግማሹ ወደ ምግብ ቧንቧ ሄደ፤ የቀረው ቀጭን ክር ሆኖ በፊት በኩል ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ቁልቁል ሄደ። አባዬ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። ባለሙያዋ "አሁን ምን ተሰማዎት?" ስትለው "ምንም፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይጣፍጣል" አላት።

ያን ጊዜ ነው ሳል አለመኖሩ የደህንነት ምልክት እንዳልሆነ የገባኝ። ጨረሩ የመዋጫውን ጡንቻ ብቻ አልነካም፣ የሚያስጠነቅቀውንም ስሜት ወስዶታል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሲውጡ የሚያሳየውን ምርመራ ጠይቅ።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ቀስ በቀስ፣ የጻፉትን በጥሞና አነበብኩት። እኔ የንግግርና የመዋጥ ችግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ የማክማቸው አብዛኞቹ በራስና አንገት ላይ ጨረር የወሰዱ ናቸው። ሳላይዎት በሽታዎን ልሰይምልዎ አልችልም። የዘረዘሩት ግን እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ከሕክምናው ብዙ ዓመት በኋላ ብቅ የሚል የመዋጥ ችግር አለ፤ መጀመሪያ ከነበረው የተለየና ብዙ ጊዜም የከበደ ነው።

ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ ልንገርዎ። ለዚህ ዓይነት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው መጠን 70 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው፤ በ35 ቀን ተከፋፍሎ በ7 ሳምንት ያልቃል። ወዲያው የሚታየው የላይኛው ቁስል ነው፣ እሱ ይድናል። ከሥር ግን ጨረሩ ያስጀመረው ነገር አይቆምም። ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ በጡንቻው መሃል ጠባሳ እየተሠራ ይሄዳል፣ ይለጠጥ የነበረው ሥጋ ይደርቃል። ፋይብሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ላይ ነርቮቹ አሉ፦ ምላስን የሚያዘው 12ኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ ጉሮሮንና የድምፅ አውታሮችን የሚያዘው 10ኛው። እነዚህ የሚያልፉት ጠባሳው በሚወፍርበት ቦታ ነው። ታፍነው ቀስ በቀስ ሲዳከሙ ሰውየው ለዓመታት ደህና ቆይቶ መውረድ ይጀምራል። ደረቅ ጉሮሮ ስለ ምላሱ የጻፈው የዚያ ምልክት ነው።

መዋጥ ራሱ ስንሠራው ቀላል ይመስላል እንጂ ከ30 በላይ ጡንቻዎች በቅደም ተከተል የሚሠሩት ነገር ነው። ጉርሻው ከአፍ ካለፈ በኋላ ሁሉም በ1 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይገፋል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሳል፤ የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ የምግብ ቧንቧው አፍ ይከፈታል። በመስታወት ፊት ቢውጡ አንገትዎ ላይ ያለው የማንቁርት ጉብታ ሲነሳ ያዩታል። አንገቱ የደረቀበት ሰው ላይ እምብዛም አይነሳም፣ ስለዚህ ቧንቧው በቅጡ አይከፈትም፣ የተረፈው ደግሞ ከላይ ተጠራቅሞ ይቆይና ትንፋሽ ሲሳብ ወደ ሳንባ ይንሸራተታል። ከበሉ በኋላ ድምፅዎ እርጥብ የሚለው ምናልባት ያ የተጠራቀመው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካንሰር ለመፈለግ የሚገባው ካሜራ እርስዎ እንዴት እንደሚውጡ አያይም። ሲቲ ስካንም አያይም። ሁለቱም ደህና ናቸው ማለት መዋጥዎ ደህና ነው ማለት አይደለም። መዋጥን የሚያሳዩት ምርመራዎች ሁለት ናቸው፦ የአባቷ ልጅ የገለጸችው በባሪየም የሚሠራው የቪዲዮ ራጅ፣ እና በአፍንጫ በገባ ቀጭን ካሜራ እየበሉና እየጠጡ የሚታይበት። የትኛው እንደሚቀድም እንደየቦታው አቅም ይለያያል፤ ከሁለቱ አንዱ ሳይሠራ ግን "ይህን ብሉ፣ ይህን ተው" የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ክብደት መቀነስዎን ችላ አይበሉት። ትኩሳት፣ ቡናማ ወይም የሚሸት አክታ፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። አዲስ የጆሮ ሕመም፣ በአንገት ላይ አዲስ እብጠት ወይም ደም ካለ ደግሞ ካንሰሩ የለም ቢባልም እንደገና ይታዩ።

ምንም_አይሉ

ሁሉም አንድ ነገር ይላል፣ "ባለሙያ ጋ ሂድ፣ ልምምድ ሥራ"። እኔ ሠርቻለሁ። ምላስህን ግፋ፣ ጭንቅላትህን አንሳ፣ "ኢ" በል፣ እያሉ አሠሩኝ። ቤተሰቤ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ምንም ለውጥ የለም። ነርቭ ከሞተ በኋላ ልምምድ ምን ይሠራል? ቢያንስ እውነቱን ንገሩን።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ እውነቱንም እነግርዎታለሁ።

ልምምድ በደንብ የተመሰከረለት በጨረሩ ጊዜ ሲሠራ ነው። በ2012 የታተመ ፋሪንጎሳይዝ የተባለ ጥናት 58 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ ጨረር እየወሰዱ የመዋጥ ልምምድ የሠሩት ሰዎች ጡንቻ ይበልጥ እንደተጠበቀ አሳይቷል። በ2013 ደግሞ ወደ 500 የሚጠጉ ሕሙማን ታይተው፣ በሕክምናው ጊዜ በአፋቸው መብላት ያላቆሙና ልምምዱን የያዙት የኋላ ኋላ በተሻለ ይበሉ ነበር። ሁለቱንም ያደረጉት ከሁሉም የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ከዓመታት በኋላ ነርቩ ሲዳከም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠባሳውን ልምምድ አይፈታውም፣ የሞተ ነርቭም አያስነሳም። ያን ጊዜ ዓላማችን ይቀየራል፦ የቀረውን ጡንቻ መጠቀም፣ ሳልን ማጠንከር፣ ምግቡ የሚያልፍበትን መንገድ መቀየር። በተቃውሞ ላይ በኃይል ወደ ውጭ መተንፈስ የሚያለማምድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የሚሠራው ሳልን ነው፣ የገባውን መልሶ የሚያወጣው ደግሞ ሳል ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል።

ብዙ ሰው ደግሞ የሚሰጠው ልምምድ ለችግሩ የማይገጥም ነው። በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትን ብቻ አንስቶ የእግር ጣትን የማየቱ ልምምድ፣ 60 ሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 30 ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚደረገው፣ የተዘጋጀው የምግብ ቧንቧው አፍ አልከፈት ላለው ሰው ነው። የምላሱ ነርቭ ለተዳከመ ሰው ቢሰጡት አንገቱን ከማድከም ሌላ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የአንገት አጥንት ችግር ላለበት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እርስዎ ልምምዱን ሲጀምሩ በቪዲዮ ራጅ ታይተው ነበር?

ምንም_አይሉ

አልታየሁም። አንድ ገጽ የታተመ ወረቀት ነው የሰጡኝ። ለሁሉም ሰው ያው ወረቀት።

ስፒች_ቴራፒስቷ

እንግዲያስ ወረቀቱን ይተዉት።

ከሚፈለገው_በታች

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ነርቭ አይደለም። የእኔ ጠጣሩ ብቻ ነበር የማያልፈው፤ ፈሳሽ በሰላም ይወርዳል። ምግቡ ከአንገቴ በታች፣ ከደረቴ አጥንት በላይ ቆሞ ይቀራል። ሲታይ የምግብ ቧንቧዬ አፍ በጠባሳ ጠብቧል። በኢንዶስኮፒ በፊኛ አሰፉልኝ። ለውጡ የሚገርም ነበር። ግን አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም፣ ሲመለስ እየሄድኩ እደግማለሁ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቧንቧው ሊቀደድ የሚችልበት አደጋ እንዳለ ነግሮኝ ፈርሜ ነው የገባሁት፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ነው የሚያሰፉት።

ደረቅ_ጉሮሮ

እኔም አሰፍቻለሁ፣ አልሠራልኝም። በሩን ቢከፍቱልኝም የሚገፋ የለም።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ደረቅ ጉሮሮ በአጭሩ ጨረሱት። ጠጣር ብቻ ከቆመ ጥበት እንጠረጥራለን፤ ፈሳሽ ትን የሚል ከሆነ ደግሞ ድክመት ወይም የመዝጋት ችግር። ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው ማየት የሚያስፈልገው።

የአባቷ_ልጅ

ስለ ፈሳሽ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለአባቴ ውሃው በዱቄት ወፈር ተደርጎ እንዲሰጠው ታዘዘ። ይጠላዋል። "ይህን ከምጠጣ ጥሙ ይግደለኝ" ይላል። የሚጠጣው ስለቀነሰ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ወገቡ ደክሟል። ትን ከማለት አድነነው በጥም ልናስቸግረው ነው?

ስፒች_ቴራፒስቷ

እህቴ፣ ይሄ እኛም ባለሙያዎቹ የምንከራከርበት ነው። ወፍራም ፈሳሽ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የአየር መንገዱ ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። ግን የሚገፋው ኃይል ለደከመበት ሰው ወፍራሙ ከቀጭኑ ይልቅ ጉሮሮ ላይ ይጠራቀማል። ምራቅ የሌለው ጉሮሮ ላይ ደግሞ ይጣበቃል። ጨረር የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱም አሉበት። ለዚህ ነው ራጁ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ውፍረት የሚሞከረው። ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 በደረጃ የሚከፍል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ 0 ተራ ውሃ ነው፣ 7 ተራ ምግብ። "ወፈር አድርጉ" ከተባላችሁ "ስንተኛ ደረጃ?" ብላችሁ ጠይቁ። የአንዱ ወፍራም ለሌላው ጭቃ ነው።

ለአንዳንድ ሕሙማን ደግሞ አፋቸው በደንብ ከታጠበ በኋላ፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሃል፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጡ ይፈቀዳል። ሐሳቡ ሳንባን የሚያሳምመው ውሃው ብቻ ሳይሆን ውሃው ከአፍ ይዞት የሚገባው ባክቴሪያ ነው የሚል ነው። ለአባትሽ ይሆን አይሁን ሐኪማቸውና ራጁ ይወስናሉ፤ ሳንባቸው ደጋግሞ ስለታመመ እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈቅድም። የአፋቸው ንጽሕና ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጥርስ፣ ምላስ፣ ላንቃ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ እሱም ወጥቶ፣ ከምግብ በፊትም በኋላም ይጽዳ። የሳንባ ምች ለመከላከል ከወፍራሙ ዱቄት እኩል አንዳንዴም በላይ ትኩረት የሚገባው እሱ ነው፣ ግን ማንም አያወራለትም።

ባለቤቱ

እኔ ታማሚ አይደለሁም፣ የታማሚ ሚስት ነኝ። ስለ መመገቢያ ቱቦ የሚናገር ሰው ስለጠፋ ልጻፍ።

ባለቤቴ በሆዱ በኩል ቱቦ አለው። ሲገባለት አልቅሷል፣ "ከእንግዲህ ሰው አይደለሁም" ብሏል። አሁን ግን ክብደቱ ተመልሷል፣ መድኃኒቱን በሱ ይወስዳል፣ በአፉ ደግሞ የሚወደውን ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። ከዚህ በፊት ገበታ ጦርነት ነበር፤ እኔ "ብላ" እላለሁ፣ እሱ ይቆጣል። አሁን ለመኖር ሳይሆን ለጣዕም ነው የሚበላው፣ ጠቡም ቀረ። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ሰው ሲጠራን አይሄድም። "ምን ልሠራ? ሲበሉ ለማየት?" ይላል። ቡና ብቻ የሚጠጣበት ጉብኝት አግኝተን ጥቂት ጓደኞቹን መልሰናል፤ እነሱም ቀርበው ሲያዩት ፍርሃታቸው ለቀቃቸው።

ደረቅ_ጉሮሮ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን የሚጽፍ ሰው እፈልግ ነበር። እኔ ሰው ፊት አልበላም። ትን ሲለኝ ሁሉም ማንኪያውን ይጥልና ጀርባዬን ይመታል። ጀርባ መምታቱ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳል አይጠቅምም፣ ሳሉን ያቋርጠዋል። እየሳልኩ ከሆነ አየር አለኝ ማለት ነው፣ ተዉኝ! ድምፅ የማይወጣኝ፣ መሳልም የማልችል ከሆነ ያኔ እርዱኝ።

ስፒች_ቴራፒስቷ

ይህን ለቤተሰብ ሁሉ አስነብቡ።

በቱቦው ላይ አንድ ማስታወሻ፦ ቱቦ ገባ ማለት አፍ ይዘጋ ማለት አይደለም። ከመዋጥ ሙሉ በሙሉ ያረፈ ጡንቻ ቶሎ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ በባለሙያ የተፈቀደውን ያህል በአፍ መዋጥ ይቀጥላል። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ፣ የሳንባ ምች ሳያቋርጥ ሕይወታቸውን ሲያስፈራራ፣ ማንቁርትን ጨርሶ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ይነሳል። የአየሩና የምግቡ መንገድ ይለያያሉ፣ ትን የሚል ነገር አይኖርም፤ የራስ ድምፅ ግን አብሮ ይሄዳል። ውሳኔው ከባድ ነው፣ ሰውየው ራሱ ካልጠየቀ ቀድሜ አላነሳውም።

ፍቱን_ነገር

ወገኖች አትጨነቁ፣ አንገት ላይ የሚለጠፍ በኤሌክትሪክ ጡንቻ የሚያነቃ መሣሪያ አለ። የአጎቴ ልጅ ገዝቶ ሙሉ በሙሉ ድኗል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ስፒች_ቴራፒስቷ

በጨረር ለተጎዱ ሰዎች ይህ መሣሪያ በአግባቡ ተፈትኗል። በ2016 የታተመው ጥናት አንዱን ቡድን በእውነተኛው፣ ሌላውን ኤሌክትሪክ በማይሰጥ አስመሳይ መሣሪያ አለማምዶ፣ ሁለቱም ቡድን ልምምዱን እየሠራ፣ ኤሌክትሪኩ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። ዘመድዎ ስለተሻላቸው ደስ ይለኛል፣ ግን ሰው ከኪሱ እንዳያወጣበት።

አወያይ

ፍቱን ነገር፣ እዚህ መሸጥ አይፈቀድም። በውስጥ መስመር የጻፈላችሁ ካለ አሳውቁን።

ጥያቄ_አለኝ

እኔ ገና ልጀምር ነው፤ ጨረሩ በሚቀጥለው ወር ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። አስቀድሜ የማደርገው ነገር አለ? ወይስ ዕጣዬን መጠበቅ ነው?

ስፒች_ቴራፒስቷ

አይዞሽ፣ ይህ ሁሉ በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ሕክምናውም ድሮ ከነበረው ተለውጧል። ከዓመታት በፊት የታከሙ ብዙዎች በጊዜው የነበረውን ዘዴ ነው ያገኙት። አሁን ጨረሩን በቅርጽ መሥራት ስለተቻለ ጤነኛውን ክፍል ማራቅ ይቻላል። ለምራቅ ዕጢዎች ይህ ቀድሞ ተደርጓል። ለመዋጫ ጡንቻዎች ደግሞ በ2023 ውጤቱ የታተመው ዳርስ የተባለ ጥናት አለ፤ በብሪታንያና በአየርላንድ 112 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ወደ ጉሮሮ ጡንቻዎች የሚደርሰው አማካይ መጠን ከ50 ግሬይ በታች እንዲሆን ታቅዶ የታከሙት፣ ከ1 ዓመት በኋላ ስለ መዋጣቸው የሰጡት ነጥብ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። የካንሰሩ ዕጢ ራሱ ጡንቻው ላይ ከተቀመጠ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ካንሰሩን መግደል ይቀድማል። ግን የጨረር ሐኪምሽን "የመዋጫ ጡንቻዎቼን መጠን አይታችሁታል?" ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለበትም።

ሌላው፣ ከመጀመርሽ በፊት የጥርስ ሐኪም ይይሽ። መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀል፣ ድዱም ይዳን፤ ጨረር የነካው መንጋጋ ላይ በኋላ ጥርስ መንቀል አጥንቱ እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። አፍሽን ምን ያህል እንደምትከፍቺ አስለኪ። ከ35 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን መንጋጋ ተቆለፈ እንላለን፤ መነሻውን ካላወቅን መቀነሱን አናውቅም። ልምምዱንም ሳትታመሚ ጀምሪው። በአምስተኛው ሳምንት ጉሮሮሽ ቆስሎ ምራቅ መዋጥ እንኳ ሲያቃትሽ አዲስ ነገር መማር ከባድ ነው። የሕመም ማስታገሻውን ከምግብ በፊት ውሰጂ፣ ጥቂትም ቢሆን መዋጥሽን አታቋርጪ።

ደረቅ_ጉሮሮ

ታይሮይድሽን እንዳትረሺ። አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ታይሮይዱ ቀስ ብሎ ሊዳከም ስለሚችል በየ6 እስከ 12 ወሩ በደም ይታያል። እኔ ድካሙን ሁሉ አለመብላቴ ነው እያሉኝ ነበር፤ ኪኒኑን ስጀምር ግማሹ ድካም ለቀቀኝ።

ጥያቄ_አለኝ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ገልብጫቸዋለሁ፤ ወንድሜ ይዞልኝ ይገባል፣ እኔ ሐኪም ፊት ሁሉም ይጠፋብኛል።

ቀስ_በቀስ

ተመለስኩ። የጠፋሁት ምርመራውን እየጠበቅኩ ነበር።

የቪዲዮ ራጁ ተሠራልኝ። ጥበት የለም፤ ቧንቧው ተከፍቷል። የምላሴ ሥር ግን አይገፋም፣ የጉሮሮዬም የቀኝ ጎን አይጨመቅም። የዋጥኩት ግማሹ ምላስ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል፤ ውሃ ደግሞ ከዚያ ሞልቶ ወደ አየር መንገዴ ይገባል። አንዳንዱን አስለዋለሁ፣ አንዳንዱን አላውቀውም። የአባቷ ልጅ፣ አንቺ የጻፍሽውን ክር በዓይኔ አየሁት።

ባለሙያው እዚያው ራጁ ሥር እያለሁ "ፊትህን ወደ ቀኝ አዙረህ ዋጥ" አለኝ። ዞሬ ዋጥኩ። አብዛኛው በግራ በኩል ወረደ! የደከመው ጎን ተዘግቶ ምግቡ በሚሠራው ጎን ይሄዳል ማለት ነው። አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግም ተሞከረ፣ ለእኔ ያባብሰው ነበር፤ እሱን ከበይነመረብ አንብቤ ስሠራው ቆይቻለሁ። አሁን ትንፋሼን ይዤ፣ ወደ ቀኝ ዞሬ እውጣለሁ፣ ወዲያው ሳል አደርጋለሁ፣ ደግሜ እውጣለሁ። ያስጠላል፣ ግን ከምግብ በኋላ ድምፄ የጠራ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ ደግሞ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል የሚሰጥ ነገር አዘጋጅታልኛለች። ክብደቴ መውረዱ ቆሟል፤ ካልጨመረ ስለ ቱቦ እንነጋገራለን ተባብለናል። ባለቤቱ የጻፉትን ለሚስቴ አንብቤላታለሁ።

ልምምድ የተሰጠኝ ሁለት ብቻ ነው። ነርቩ እንደማይመለስ ሳይደብቁ ነግረውኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የደም ግፊት ኪኒኔ ትልቅ ነው፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ ይቀራል። ፈጭቼ ብወስደውስ?

መድኃኒት_ቀማሚ

ሳይጠይቁ አይፍጩት። ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ኪኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል፤ የግፊት መድኃኒት ከሆነ ግፊትዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነም አይፈጭም። ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ፈሳሽ ወይም የሚሟሟ ምትክ፣ ያ ባይገኝ ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ የሆነ የሚፈጭ ሌላ መድኃኒት አለ። የማሸጊያውን ስም ከነመጠኑ ጻፉልኝ፣ የሚፈጭ መሆን አለመሆኑን እነግርዎታለሁ፤ ከዚያ ያዘዘልዎት ሐኪም ይቀይርልዎ። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የቀረ ኪኒንም ሥጋውን ያቆስላል፣ ስለዚህ እስከዚያው ተቀምጠው እንጂ ተጋድመው አይዋጡ።

የአባቷ_ልጅ

የአባቴንም ዝርዝር ልላክልዎ? አምስት ዓይነት ነው የሚወስደው።

መድኃኒት_ቀማሚ

ይላኩ። ስሙንና ሚሊግራሙን ብቻ፤ የአባትዎን ስም አይጻፉ።